ሰላምታ ተኝቶ አይመለስም

ጥቅምት 6 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ቀለል አለዎት ወይ? ዓይንዎ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል ወይስ መነጽሩ መቀየር አለበት? የስፌት መኪናዎስ እንዴት ከርማለች? ደንበኞችዎ ሁሉ፣ የሚከፍሉትም የማይከፍሉትም፣ ደህና ናቸው? እኔ ለእርስዎ ካለኝ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ያለፈውን ደብዳቤዬን፣ ሰላምታ መኖር በነበረበት ቦታ ላይ በቀይ ክር ሰፍተው የመለሱልኝን፣ ተቀብያለሁ። ስፌቱ ውብ ነው። ነርሶቹ እየተቀባበሉ አደነቁት፤ እኔ ግን መግቢያ ጠፋኝ። እናቴ ካረፈች ጀምሮ በእርስዎ እጅ አድጌ፣ «ሰላምታ የማያውቅ ልጅ ከእኔ ቤት አልወጣም» ሲሉ እየሰማሁ ነፍስ አውቄ፣ «ደህና ነኝ፣ ደህና ይሁኑ» ብዬ በአንድ መስመር መገላገሌ ያሳፍራል። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ከዚህ በላይ ያለውን አንብበው የጎደለ ካለ ይንገሩኝ እንጂ መርፌውን አያንሱብኝ።

ስልክ አትደውል ያሉበትም ምክንያት ገብቶኛል። የእርስዎ ስልክ ሲናገር እስከ መንገዱ ማዶ ይሰማል፤ የጎረቤትዎ ሕመም ደግሞ ኮት ሊያስጠብቡ የመጡ ሰዎች ፊት የሚወራ አይደለም። ካንሰር መሆኑን ሳነብ ከልቤ አዘንኩ። ከውጭ የሚሰጠውን ጨረር እዚያው አቅራቢያችሁ ጨርሳ የሚቀራት የማህፀን በር ላይ ከውስጥ የሚሰጠው ከሆነ፣ አዎ፣ እሱ ያለው እኛ ሆስፒታል ብቻ ነው። የእሷ ሐኪም «ሳትዘገይ ትሂድ» ማለቱም ትክክል ነው።

«ማሽኑ ምን ያደርጋታል?» ላሉት፦ ማሽኑ ወገቤ ድረስ የሚደርስ ሣጥን ነው። ሆዱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች የጨረር ምንጭ አለች፤ እኛ ፍሬዋ እንላታለን። ፍሬዋ በቀጭን ሽቦ ጫፍ ላይ ሆና በቱቦ ትገባና ሕመሙ ካለበት ትደርሳለች። አንድ ቦታ ቆም ትላለች፣ ፈቀቅ ትላለች፣ እንደገና ቆም ትላለች። የት እንደምትቆምና ምን ያህል እንደምትቆይ አስቀድመን የምናቅደው እኔና አለቃዬ ሐኪሟ ነን። እርስዎ ካውያውን ኮሌታው ላይ ቆየት፣ ስሱ ጨርቅ ላይ ደግሞ ነካ ብቻ እንደሚያደርጉት ያስቡት። ስትጨርስ ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች፤ ጎረቤትዎ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም።

ስለዚች ፍሬ እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ነገር አለ፤ እሱ ግን ለታማሚ የሚነገር ስላልሆነ ትቼዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

•

ጥቅምት 17 ቀን

ለልጄ ለቆጣሪው፣

እንደምን ሰነበትክ? ብርዱ እንዴት ነው? ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ዳቦ ትገምጣለህ? የላክሁልህን ሱሪ ቀበቶ ሳታጠብቅ ነው የምትለብሰው? ካጠበቅህ ከስተሃል ማለት ነው፤ እውነቱን ጻፍ። እኔ ደህና ነኝ።

ሰላምታህ ደርሶኛል። ቁመቱ ደህና ነው፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ሰፍቷል። «የማይከፍሉትም» ያልካቸውን ደንበኞች ባትጠቅስ ጥሩ ነበር፤ አንዷ ደብዳቤውን ሳነብ ከጀርባዬ ቆማ ነበር።

የጻፍከውን ለጎረቤቴ አነበብኩላት። ካውያው ከእኔ በላይ ገባት። ከዚያ በኋላ ግን እጇ ተንቀጥቅጦ የሰው ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፋች። እኔ ሰፋሁ ማለቴ ነው፣ እሷን እያሰብኩ። አሁን መልሼ እየተረተርኩት ነው። ባለቤቱ ቅዳሜ ይመጣል።

ጥያቄዎች አሏት። እኔ መልእክተኛ ብቻ ነኝ።

አንደኛ፣ እዚያ ውስጥ የሚያያት ማን ነው? ጎረቤቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላውን ስትለካ የኖረች እንጂ፣ ማለቴ ሌላው ሲለካ ያየች እንጂ፣ ራሷ ለሰው ዓይን የቀረበች ሴት አይደለችም። ያንተ እዚያ መኖር ደግሞ ባሰባት። ወንድ ልጅ፣ ያውም የሰፈር ልጅ፣ ያውም አፍንጫውን እየጠረገች ያሳደገችው፣ ማለቴ ሲያድግ በመስኮት ያየችው ልጅ፣ እንዲያያት አትፈልግም። ይህን በሚገባ መልስላት።

ሁለተኛ፣ እንቅልፍ የነሳህ ምንድን ነው? ለታማሚ የማይነገር ነገር ላሳደገችህ አክስት ይነገራል። «ትቼዋለሁ» ብሎ ነገር የለም። ወይ አትጀምር፣ ወይ ጨርስ።

ሦስተኛ፣ የሚሰጧት መጠን ልክ ነው? አዎ ወይም አይደለም በል። ጎረቤቴ ረጅም መልስ አትወድም።

አክስትህ

•

ጥቅምት 25 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ኮቱ ተተርትሮ ደረሰ? ባለቤቱ ሳይቆጣ ወሰደ? እጅዎስ? መንቀጥቀጡ ካዘኔታ ብቻ ከሆነ ይተውዎታል፤ ካልሆነ ግን ይታዩ። ስለ ቀበቶው፦ አጥብቄአለሁ፤ አንዲት ቀዳዳ ብቻ።

ለጎረቤትዎ እንዲህ ይበሉልኝ። ቱቦውን የምታስገባው ሐኪሟ ናት፤ ሴት ናት፣ የምትረዳትም ነርሷ ናት። እኔ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ የለሁም። ፍሬዋ ስትወጣ ሁላችንም ወጥተን ከወፍራም ግድግዳ ማዶ እንቀመጣለን። በካሜራ የማየው ብርድ ልብስና ከብርድ ልብሱ ጫፍ ብቅ ያለ ፊት ብቻ ነው። ታካሚዎቹ ብቻቸውን የተጣሉ እንዳይመስላቸው ደግሞ ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ አስገጥሜአለሁ። በየመሀሉ «እንደምን ነዎት? አይዞዎት፣ ደህና ነዎት?» እላቸዋለሁ። ይህ ከእርስዎ ቤት የወጣ ሙያ ነው። አለቃዬ በዚህ ሆስፒታል እንደ እኔ ሰላምታ የሚያበዛ የፊዚክስ ባለሙያ የለም ትላለች፤ በዚህ ሆስፒታል ያለው የፊዚክስ ባለሙያ እኔ ብቻ መሆኔን ግን አትጨምርም።

እንቅልፍ የነሳኝን ካልነገርኩ እንደማይለቁኝ ስለማውቅ ይኸው። ዕቅዳችን የሚቆጥረው ፍሬዋ የቆመችባቸውን ቦታዎች ነው። ፍሬዋ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሄድ መብራቷን አጥፍታ አትሄድም፤ በመንገዷ ያለውንም ሁሉ ጨረር እየሰጠች ታልፋለች። የመንገዱን የሚቆጥር የለም። በቅርቡ ታካሚው ውስጥ የሚገባ ትንሽ መለኪያ አገኘንና፣ የማየው ቁጥር ከዕቅዱ ይዛነፋል። ከተፈቀደው አይወጣም፤ አለቃዬም አልተጨነቀችም። እኔ ግን ያውቁኛል። አንዳንዴ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ ዝቅ ይላል፣ አንድ ቦታ አይረጋም። ጥፋተኛዋ ተጓዧ ፍሬ ናት ብዬ በስብሰባ ላይ ብዙ ተናገርኩ። ከዚያ ለመለማመጃ ያለንን ፕላስቲክ ሰው አስተኝቼ ለካሁ። ፕላስቲኩ ላይ ጉዞዋ የሚጨምረው ኢምንት ነው፤ ያውም ሁሌ እኩል። ሰው ሲተኛ ግን እንደገና ይዛነፋል። ፍሬዋ ፕላስቲክ አክብራ ሰው የምትንቅበት ምክንያት አልገባኝም።

ስለዚህ ልክ ነው ወይ ላሉኝ፣ ልክ ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው፣ ጎረቤትዎን ማጽናናት ይገባኛል ብዬ ወደ እናንተ በሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር እጅ አንድ ማስታወሻና ብርቱካን ከእርስዎ አጠገብ ላለችው ባለሱቋ ልኬላታለሁ። እርስዎ ስሟን ሳይጠሩ ምስጢሯን መጠበቅዎ ያስመሰግንዎታል። ነገር ግን ሳድግ በመስኮት ታየኝ የነበረች ጎረቤት ከእሷ በቀር ማን አለች? ወዲያው ነው የገባኝ።

የእህትዎ ልጅ

•

ኅዳር 5 ቀን

ለልጄ ለብልኁ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና አይደለሁም። ሰላምታውን እንደ ደንቡ አደረስኩ፤ አሁን ጉድህን ስማ።

ባለሱቋ ማስታወሻህን ቆማ ጀመረችው፤ የሳሙና ካርቶን ላይ ተቀምጣ ጨረሰችው። «ሕመምዎን ሰምቼ እጅግ አዘንኩ። አይዞዎት። ጊዜ ሳያልፍ ይምጡ» ብለሃታል። ይህች ሴት ሕመም የሚባል ነገር በስም እንጂ በአካል አታውቅም፤ ከመኪና ላይ የስኳር ጆንያ ብቻዋን ታወርዳለች። «ሆስፒታል የሚሠራ ልጅ እኔ ያላወቅሁትን ሕመሜን አወቀው» አለችና አመድ መሰለች። ባሏ ሱቁን ዘጋ። ከተጋቡ ጀምሮ እጇን ይዞ ሲቀመጥ ሰው አይቶት አያውቅም፤ ያን ቀን ይዞት ዋለ። ጎረቤቱ ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ገባ ወጣ አለ። ያበደረቻቸው ሁሉ ዕዳቸውን ይዘው መጡ፤ ይህን ስታይ ደግሞ እውነትም ልሞት ነው ብላ ማልቀስ ጀመረች።

ሄዳ ተመረመረች። ከራስ ፀጉሯ እስከ ጥፍሯ ፈተሿትና አንድ የበሰበሰ መንጋጋ ጥርስ አገኙ። ነቀሉላት። አሁን ጉንጯ አብጦ ባንተ ትምላለች፤ ከሩቅ ሆኖ ጥርሴን አወቀልኝ ትላለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ትናንት ወደ ሱቄ መጥታ ከፊቴ ተቀመጠች። እኔ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ጫፍ እያጠፍኩ አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበር። «ጨርቅ ልገዛ ነው እያልሽ በየማለዳው ስትሄጂ ባዶ እጅሽን ነበር የምትመለሺው» አለችኝ። «እኔ እኮ ጨርቁ ተወዶ ነው ብዬ ነበር። አንቺ ነሽ አይደል?»

አፌ ውስጥ ስፒል እያለ መዋሸት አልቻልኩም። ራሴን ነቀነቅሁ።

ስለዚህ ላንተም ይኸው። ጎረቤቴ የለችም። እኔ ነኝ። ከክረምቱ ጀምሮ እኔ ነኝ።

አትቆጣ። ላንተ ያልነገርኩህ እንዳትጨነቅ ብዬ ብቻ አይደለም፤ አፍሬ ነው። እኔ ነኝ አንተን ያጠብኩህ፣ እኔ ነኝ አንተን ያለበስኩህ። ነገሩ ተገልብጦ አንተ እኔን የምትጠብቅበት ቀን ሲመጣ እንዴት ልሁን? ካሜራህ ብርድ ልብስ ብቻ ያሳያል ማለትህ ትንሽ አቅልሎልኛል። ግን አልመጣም። ሙሽራ ልብሷን ልትወስድ መጥታ «ልክ ነው?» ስትለኝ፣ «ልክ ነው ማለት ይቻላል» ብዬ አላውቅም። እኔ ለጨርቅ ያላልኩትን አንተ ለሆዴ አትለኝም። ፍሬህ መንገዷ ሲስተካከል ጻፍልኝ፤ ያን ጊዜ አስብበታለሁ።

አክስትህ

•

ኅዳር 9 ቀን

አክስቴ፣

እንደምን ነዎት? ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደጻፍኩልዎት አላውቅም፤ መልሱን የምፈልገው ግን ዛሬ ገና ነው። ያምዎታል? ይደማል? ማታ ብቻዎን ሲሆኑ ማንን ይጠራሉ? ደብዳቤዎን መለኪያ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አነበብኩና አለቀስኩ። ያየኝ ፕላስቲኩ ሰው ብቻ ነው።

«ልክ ነው» ብዬ ጽፌልዎት ነበር። ሁለት ቃል ነች፤ ብጽፋት ይመጡልኛል። ቀደድኩት። ያሳደገችኝ ሴት የተዛነፈ ስፌት ከመንገድ ማዶ ሆና ታውቃለች፤ ውሸቴን ከፖስታው ሳታወጣው ታውቀዋለች። ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ። የእኔ ቁጥር የሚዛነፈው ትንሽ ነው፤ እርስዎ በኖራ መስመር ሲያሰምሩ የኖራው ውፍረት ያህል። ከዚህም ጋር ብዙ ሴቶች እዚህ ተኝተው ድነው ሄደዋል። የውጭውን ጨረር ጨርሰው የውስጡን ሲያቆዩት የሚያልፈው ጊዜ ግን ትንሽ አይደለም። ያ ጊዜ ለሕመሙ ነው የሚሠራው። በዚህ ሕክምና ትልቁ ስህተት የሚመጣው ፍሬዋ ስለምትንቀሳቀስ አይደለም፤ እርስዎ ስለማይንቀሳቀሱ ነው።

ማፈርዎን አልነቅፍም፤ እኔም አፍራለሁ። ሐኪሟና ነርሷ ሸፍነው ሳይጨርሱ እኔ በበሩ አላልፍም። በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ይግባ ብዬ አለቃዬን ጠይቄአት ነበር፤ ሌላ ሰው የለም አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ቢኖርም ቦታዬን አልሰጠውም ነበር።

ሹፌሩ ሰኞ ጠዋት ከፊት፣ መስኮቱ ጋ፣ ቦታ ይዞልዎታል። ሙሽራዋ ትጠብቅ። እባክዎን ይምጡልኝ፤ ከእርስዎ በቀር እናት የለኝም።

ልጅዎ

•

ኅዳር 24 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ላይ ሹፌሩ ለሰው ሁሉ «ቀስ በሉ፣ ታማሚ አለች» እያለ አሳፈረኝ። ባለሱቋ ሾርባ ይዛ ጠበቀችኝ። ጥርሷ ስለወለቀ ጨው አይታወቃትም፤ ጠጣሁት።

ቦርሳዬ ውስጥ የከተትካትን ወረቀት ቤት ደርሼ አገኘኋት። ሰላምታ የላትም፤ «ለምን ተነሱ?» ብቻ ትላለች። ቀይ ክር አንስቼ ነበር፤ ፊትህ ትዝ ሲለኝ አስቀመጥኩት።

እንግዲህ ስማ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉ ነገር እንዳልከው ነበር። ሐኪሟ እጇ ሞቃት ነው፤ ነርሷ ደግሞ እያንዳንዱን ነገር ሳትነካኝ በፊት ትነግረኛለች። ሸፈኑኝ። ያን ጊዜ አንተ ገባህ፣ መለኪያህን አየህ፣ ዓይኔን ሳታይ ወጣህ። አመሰግንሃለሁ። በሩ ተዘጋ። ጣሪያው ላይ ውሃ የበላው ቦታ አለ፤ ኮት ይመስላል፣ አንድ እጅጌ ብቻ ያለው። እሱን እያየሁ ሳለሁ ማሽንህ እንደ ስፌት መኪና ጠጠጠ ማለት ጀመረ። አላመመኝም። ደህና ነበርኩ።

ከዚያ ጣሪያው ተናገረ። «እንደምን ነዎት? ደህና ነዎት?» አለኝ።

ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ከላይ ሆኖ ደህንነትህን እየጠየቀህ እንደ ግንድ ተጋድመህ «ደህና» ትላለህ? በክርኔ ተደግፌ ብድግ አልኩና «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። ማሽኑ ቀጥ አለ፣ ደወል ጮኸ፣ በሩ ተበረገደ። ነርሷ ሮጠች፤ አንተ ከኋላዋ፣ ፊትህ የታጠበ አንሶላ መስሎ። እኔ ደግሞ ምን ጉድ መጣ ብዬ ይበልጥ ቀና አልኩ።

ለአንተ ክብር የተነሳሁ እንዳይመስልህ ብቻ። ታላቅ ለታናሽ አይነሳም። የተነሳሁት ለጣሪያው ነው።

ይህን ያህል የምትደነግጥ ከሆነ ደግሞ ሌሎቹንም ጠይቅ። ተራ ስንጠብቅ አብረውኝ የነበሩት ሴቶች «ያ ሰላምታው የሚጣፍጥ ልጅ» እያሉ ሲያወሩህ ነበር። አንዷማ ሻርፗን ሳታስተካክል አትመልስልህም። አክስቱ መሆኔን አልነገርኳቸውም፤ ኩራቴን ግን ሳያዩት አልቀሩም።

አክስትህ

•

ታኅሣሥ 4 ቀን

ለማከብርዎትና ለምወድዎት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ድካሙ እንዴት ነው? ሾርባው ጨው ስላነሰው ሳይሆን ስለበዛበት ነው የምፈራው፤ ባለሱቋን ይጠንቀቋት።

መጀመሪያ የሚያሳስብዎትን ልንገርዎት። ሲነሱ ፍሬዋ ወደ ሣጥኗ ሸሽታለች። ቱቦው ቦታውን አለመልቀቁን ዳግመኛ አይተን ነው የቀረውን የሰጠንዎት፤ የጎደለብዎት የለም።

ቀጥሎ ደግሞ ሳቅዎን ይያዙ። ተጓዧ ፍሬ ንጹሕ ናት። ጥፋተኛው እኔ ነኝ።

ሻርፕ ስለምታስተካክለው ሴት የጻፉትን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን እንደ ሰው ዓይን ማየት ጀመርኩ። እኔ «እንደምን ነዎት» ስል አንዷ አንገቷን ቀና ታደርጋለች፣ አንዷ ትከሻዋን፣ አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ ጣሪያው እጅ ትነሳለች። አንገት ሲቀና ሆድ ይወጠራል፤ ሆድ ሲወጠር ቱቦውም መለኪያውም በትንሹ ይሸሻሉ። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ እንቅስቃሴያቸውን ሳል ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ሌላም ነበር፤ የፍሬዋ ጉዞ መጠኑን ይጨምራል እንጂ ሊቀንሰው አይችልም፣ ቁጥሬ ግን ዝቅም ይል ነበር። ይህ ብቻውን ሊነግረኝ ይገባ ነበር። ፕላስቲኩ ላይ ሁሌ ልክ የሚሆነው ደግሞ ምስጢር የለውም፤ ፕላስቲክ ሰላምታ አይመልስም።

ሳምንቱን ሙሉ ማይክራፎኑን ሸፍኜ ዝም አልኩ። ቁጥሩ ረጋ። ለፍሬዋ የመንገዱን ኢምንት ጨምሬ ሳሰላው ደግሞ ከዕቅዱ ጋር ገጠመ። ስብሰባ ላይ ይህን ስናገር አለቃዬ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ «በአስተዳደግ ምክንያት የመጣ የመጠን መዛነፍ» የሚል ርዕስ አውጥታልኛለች። ታካሚዎቹ ግን ከፍቷቸዋል። ሻርፗን የምታስተካክለው ሴት «ያ ልጅ ታመመ እንዴ?» ብላ ነርሷን ጠየቀቻት። ስለዚህ አዲስ ሥርዓት አውጥተናል፦ በሩ ሳይዘጋ ገብቼ ከእያንዳንዳቸው ጋር ሰላምታውን እስከ ጫፉ እንጨርሳለን፤ ከተዘጋ በኋላ አደጋ ካልመጣ በቀር ጣሪያው አይናገርም።

ለእርስዎም የቀሩት ቀናት እንዲህ ናቸው። ዝም እላለሁ። ቢከብደኝም ዝም እላለሁ። እርስዎም እንደ ፕላስቲኩ እንዲተኙልኝ ቃል ይግቡልኝ። ያን ጊዜ የጠየቁኝን ሁለት ቃል ያለ ምንም ጭማሪ እጽፍልዎታለሁ።

ልጅዎ

•

ታኅሣሥ 22 ቀን

ይህ ደብዳቤ ሰላምታ የለውም። ረስቼው አይደለም፤ ክርህን አታባክን።

«በመጨረሻው ቀን ‹መነሳት ይችላሉ› ስልዎት ለምን አልተነሱም? ነፍሴን አወጧት» ብለሃል። ልንገርህ።

ቃል የገባሁልህን ጠብቄአለሁ። ሁለተኛውን ቀን ተኛሁ፣ ሦስተኛውንም ተኛሁ። በሕይወቴ ብዙ ከባድ ነገር አድርጌአለሁ፤ እናትህን ቀብሬ በማግስቱ አንተን ትምህርት ቤት አድርሻለሁ። ሰው ከግድግዳ ማዶ እንዳለ እያወቁ ሰላም ሳይሉት መዋል ግን ከዚያ አይተናነስም። ማሽኑ ጠጠጠ ባለ ቁጥር በልቤ አንድ ሰው ጠየቅሁ፦ ባለሱቋን፣ ሹፌሩን፣ ሙሽራዋን፣ ያን እጅጌው የተገለበጠበትን ሰውዬ ሳይቀር። አንተን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩህ። አንተም ዝም አልክ። ዝም ስትል ሰማሁህ። ልጅ ሆነህ የሆነ ነገር ሰብረህ በር ኋላ ስትደበቅ ዝም የምትለው ዓይነት ነው፤ እኔ ያንን ዝምታ የትም ብሰማው አውቀዋለሁ። ብቻዬን አልነበርኩም።

በመጨረሻው ቀን ማሽኑ ጸጥ አለ፣ ጣሪያውም «አክስቴ፣ አልቋል፤ መነሳት ይችላሉ» አለ። አልተነሳሁም። «ይችላሉ» አለ። አልተነሳሁም። ነርሷ ገብታ ክንዴን ስትይዘኝ «ተይኝ» አልኳት። ፈርቼ ነው። አንዴ በዚያ ድምፅ ተነስቼ ቁጥርህን አበላሽቻለሁ፤ ድጋሚ ተነስቼ መጨረሻውን የማበላሸው መሰለኝ። ለጣሪያ ከእንግዲህ አልነሳም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበር።

ከዚያ አንተ ገባህ። በሩ ላይ ቆምክ። ያን ሁሉ ያስተማርኩህ ልጅ፣ አገር ሁሉ በሰላምታው የሚያውቀው ልጅ፣ «እንደምን ነዎት» እንኳ ጠፋህ። ዓይንህ ሞልቶ ቆምክ።

ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። ታላቅ ለታናሽ አይነሳም ብዬህ ነበር፤ እኔም በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም። ተነሳሁልህ። ነርሷ ጀርባዬን ደግፋኝ ነበር፤ ያ አይቆጠርም።

ሐኪሟ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ ብላኛለች። እስከዚያ ማንም ድነሻል እንደማይለኝ ገብቶኛል፤ አልጠይቅህምም። የላክህልኝን ሁለት ቃል ግን መስታወቴ ጥግ ላይ ሰክቻታለሁ። ባለሱቋ መጥታ አይታ «ልክ ነው የሚል ወረቀት ለምን ይሰቀላል?» አለችኝ። የልብስ ነው አልኳት።

ጣሪያህ ላይ ያለችውን ኮት ሰፍቼልሃለሁ፤ ሁለት እጅጌ አድርጌባታለሁ። ሹፌሩ ያመጣልሃል። ስትደርስህ ልበሳትና እንዴት እንደሆነች ጻፍልኝ፤ ከፊቱ ግን ሰላምታውን አስረዝመው፣ እዚያ ተኝቼ ያልመለስኩት የእኔም ተጠራቅሞ አለ። ስለ ልኳ አትጨነቅ። ልክ ነች፤ ማለት ይቻላል አላልኩህም።

እናትህ